ግልጽ ደብዳቤ፦ አዲስ አበባ ላይ ታፔላ ለምትተክሉ ሁሉ

«ጉዳዩ» የማይል ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ አይነበብም ይባላል። እሺ። ጉዳዩ፦ የመንገድ ታፔላ ስለመጠየቅ። ከዚህ በኋላ ግን እንደ ሰው ላውራችሁ።

ጅማ ባጃጅ እነዳለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። ስለ መንገድ ስጽፍ ወሬ አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ሥራችን መሪ መያዝ ብቻ ይመስላችኋል አይደል? ግማሹ ሥራ ተሳፋሪው የሚለውን ስምና ቦታው ዛሬ የሚባልበትን ስም ማገጣጠም ነው። አንዲት እናት «ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ አውርደኝ» ካሉኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ዝም ብዬ ወፍጮ ቤቱ ወደነበረበት እነዳለሁ። እሳቸውም ያዩታል፣ እኔም አየዋለሁ። ሦስተኛ ሰው ቢሳፈር ግን ሁለታችንንም እብድ ነው የሚለን።

አዲስ አበባ ላይ ያ ሦስተኛ ሰው እኔ ነበርኩ።

በ34 ዓመቴ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት። ሳቁ፣ ችግር የለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህ ዘመን ምንም ማለት አይደለም። ግን እኛ ጋ ሸገር የሚኬደው ለጉዳይ ነው። ለሕክምና፣ ለኤምባሲ፣ ዕቃ ለማምጣት፣ ሰው ለመሸኘት። ሁሉም ሄዶ ተመልሷል፣ «ከተማውን ላየው ሄድኩ» ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም ሰበብ ባላገኝ አልሄድም ነበር። የታላቅ እህቴ ልጅ ስድስት ኪሎ ተመረቀ። ምርቃቱ አንድ ቀን ነው፣ እኔ ሦስት ቀን ጨመርኩበትና ባጃጇን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ።

የመንገዱን ነገር አላስረዝመውም። ጊቤ ስንወርድ ጃኬት አወለቅን፣ ወልቂጤ በላን፣ ወሊሶ አለፍን፣ ሰበታ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገባን ሲሉኝ አላመንኩም፣ የት ላይ እንደጀመረች አላየኋትማ።

ያረፍኩት ጀሞ ነው፣ አክስቴ ጋ። አክስቴ ከጅማ የወጣችው ተድራ ነው፣ ከወጣች 40 ዓመት ሊሞላት ነው። የኖረችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። አሁን ልጇ ጋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነች። ማታ ቡና ጠጥተን ነገ የት የት እንደምሄድ ስነግራት ወረቀት አምጣ አለችኝና መንገዱን አስጻፈችኝ። ጊዮርጊስ ትወርዳለህ። ወደ ፒያሳ ቁልቁል ትላለህ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ታጥፈህ «ዶሮ ማነቂያ የት ነው» ብለህ ጠይቅ፣ ሕፃን ልጅ ያሳይሃል። ልጇ ከጎን ሆና ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ በማግስቱ ገባኝ።

መጀመሪያ ግን ሜክሲኮ። ከጀሞ ታክሲ ያዝኩ፣ ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ነው። ወረድኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ አጠገቤ የቆመውን ሎተሪ አዟሪ ጠየቅኩት፣ «ሜክሲኮ ነዋ» አለኝ። ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ጠየቅኩ፣ ሳቀ። ማታ ስልኬ ላይ አነበብኩት። ጣልያን ሀገራችንን ሲወር ዓለም አንገቱን ደፍቶ ሲቀበል፣ አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አደባባዩ ምስጋና ነው። እነሱም በበኩላቸው ዋና ከተማቸው ላይ በኢትዮጵያ ስም አደባባይ አላቸው፣ የምድር ባቡር ጣቢያም አላቸው፣ የጣቢያው ምልክት ደግሞ የአንበሳ ራስ ነው። እዚያ ቆሜ ይህን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ሰልፉ ውስጥ ሆኜ የማስበው ነገር ይኖረኝ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበራ።

ስለ ሰልፉም አንድ ነገር ልበል። ታክሲ ተራ ላይ አምስት ሰልፍ ጎን ለጎን ቆሟል፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈ ነገር አላየሁም። መጨረሻ ላይ ያለውን ሰው ትጠይቃለህ። እሱ ደግሞ አንዳንዴ ራሱ እርግጠኛ አይደለም፣ ፊቱ ያለውን ይጠይቃል። ጥያቄው እየተቀባበለ እስከ ፊት ይሄድና መልሱ ወደ ኋላ ይመጣል፦ «አየር ጤና ነው»። እንደገና ወደ ሌላው ሰልፍ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፣ ሰዉ በጣም ተባባሪ ነው፣ ማንም አልገላመጠኝም። ግን አንድ ቆርቆሮና ትንሽ ቀለም ይህን ሁሉ ሰው ያሳርፈው ነበር።

ጊዮርጊስ ወረድኩ። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፣ ቆሜ ቀረሁ። ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ናቸው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመ ነው፣ ንግሡም የተፈጸመው እዚያው ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፣ ሲወጣ ተቆፍሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያው ፊት ለፊት በ2016 የካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ ግዙፍ ነው፣ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፣ ደግሜ ብሄድም ግማሽ ቀን እሰጠዋለሁ። ፊደል የማይቆጥር ሰው እንኳ ገብቶ ምን እንደሆነ ተረድቶ ይወጣል። ይህን መሥራት የምትችሉ ሰዎች አላችሁ ማለት ነው። ለዚህ እኮ ነው የምጽፍላችሁ።

ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁ። ወደ ፒያሳ ቁልቁል አልኩ። ዳቦ ቤት የለም። ሰፊ መንገድ አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ፣ የብስክሌት መስመር አለ፣ ሣር አለ፣ ማታ የሚበራ መብራት ተተክሏል። ሕፃን ልጅም አለ፣ ከእናቱ ጋር አይስክሬም እየበላ። «ዶሮ ማነቂያ የት ነው?» ብዬ እናቱን ጠየቅኳት። «ፈርሷል እኮ» አለችኝና እጇን ዘርግታ ሰፋ ያለ ቦታ አሳየችኝ፣ ከዚህ እስከዚያ ማለቷ ነው። የት ላይ እንደሚጀምር አታውቅም። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞችም ጠየቅኩ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ።

መፍረስ ነበረበት አልነበረበትም የሚለውን ለእናንተና ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ እንግዳ ነኝ። አክስቴም ራሷ ሽንት ቤቱ ለስምንት አባወራ አንድ እንደነበር ስታወራ ናፍቆት አይታይባትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ስሙ ለምን አብሮ ተጫነ? ካዛንቺስ ስንል እኮ ጣልያን ለሠራተኞቹ የሠራቸውን ቤቶች ስም ነው ሰባብረን የምንጠራው። ጣልያን ከሄደ 80 ዓመት አለፈው፣ ቤቶቹም ብዙዎቹ በ2017 ፈርሰዋል፣ ስሙ ግን ታክሲ ላይ አለ፣ ሰው ካዛንቺስ ብሎ ይሳፈራል። ዶሮ ማነቂያ ከጣልያን ቤት ያነሰ ምን አደረገ?

በማግስቱ አዲስ ትምህርት ተማርኩ። ከካርታ ላይ ስም ጽፌ ወጣሁ፣ በአክስቴ ወረቀት መጠቀም ስላልቻልኩ። ፒያሳ ታክሲ አስቁሜ «ሚያዝያ 27 አደባባይ» አልኩት ወያላውን። «እዚያ አንሄድም፣ አራት ኪሎ ነን» አለኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ። ቀጣዩ መጣ። «ሚያዝያ 27?» «የለም ወንድሜ፣ አራት ኪሎ።» ሦስተኛው ላይ አንድ ተማሪ መሰል ልጅ መስኮቱን ከፍቶ በሳቅ እየፈረሰ «ግባ፣ እሱ ነው!» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ። አራዳ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያው ከአራዳ ሰፈር ነው ይላሉ፣ እኔ አራዳ መሃል ቆሜ የአገር ፋራ ሆንኩ። (እኛም እኮ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አለን። እዚያ ማንም አይስቅብኝም።)

ግን አስቡት። አራት ኪሎ መሃል ያለው ሐውልት የቆመው ለዚያች ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። እኛ ጅማ ትምህርት ቤት በቃላችን ሸምድደናታል። ታክሲው ውስጥ ግን ቀኗና ቦታው አይተዋወቁም። ስድስት ኪሎም ያው ነው። «የካቲት 12 አደባባይ» ስላቸው ሆስፒታሉን አሳዩኝ። ሐውልቱ እዚያው አጠገቡ ቆሟል፣ በ1929 የካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በፋሺስት ጣልያን እጅ የተጨፈጨፉት ሰዎች ምስል ተቀርጾበት። ዙሪያው ዞርኩ። አንድ ሰው ተቀምጦ ካርድ ይሞላል። ሌላው ሰው ይጠብቃል፣ «ሐውልቱ ጋ ነኝ» ይላል በስልክ። የምን ሐውልት እንደሆነ ብጠይቀው የሚመልስልኝ አይመስለኝም፣ ልጠይቀው ግን አፈርኩ። ጅማ ውስጥ እኔም ስንቱ ሐውልት ጋ ተሳፋሪ ጠብቄያለሁ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቼ ድንቅነሽን አየሁ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ትንሽ ልጅ ነው የምታክለው። የሚታየው ቅጂው ነው፣ እውነተኛው አጥንት ተቆልፎበት ተቀምጧል። አልከፋኝም። የወደድኩት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ነው። የእህቴ ልጅ ነው ያስገባኝ፣ ጋዎኑን እንደለበሰ። ሙዚየሙ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ሹማምንቱ ታግተው የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎን እዚያ ነው፣ ከዓመት በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከፊት ለፊቱ ወደ ሰማይ የሚሄድ፣ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። አራት ዓመት አብሮት የኖረ ልጅ «ፎቶ የምንነሳበት ነው» አለኝ! ከጎናችን የነበረ ሌላ ተመራቂ ነው የነገረን። ጣልያኖች የሠሩት ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመት ነው፣ እየጨመሩ ሊሄዱ ነበር ሐሳባቸው። ከወጡ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በቃ፣ አንበሳ ቁጭ አደረግንበት። እኔ ከዚህ የበለጠ ምላሽ የትም አላየሁም። ለጅማ ተሳፋሪዎቼ እስካሁን የምተርከው ይህንን ነው፣ ከፖስታ ቤት እስከ ሂርማታ ለመድረስ ልክ ይበቃል።

ለገሃር ደግሞ ሌላ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ከጅቡቲ የሚመጣው የድሮ ባቡር ማረፊያ ስለነበረ። አጠገቤ ቆመው የነበሩ አንድ አባት ከነሻንጣቸው ነበሩ፣ ድሬዳዋ ሊሄዱ። ባቡር ጣቢያ ሲባሉ ለገሃር መጡ። ምን ያድርጉ፣ ስሙ ነው የጠራቸው! የድሬዳዋው አዲሱ ባቡር የሚነሳው ግን ከለቡ በኩል ነው፣ ከለገሃር ሩቅ። እኔ ፋራው ነኝ ያስረዳኋቸው፣ ጀሞ ስለማድር ለቡን አውቅ ነበርና። ራይድ ጠርተን አሳፈርናቸው። ደርሰውበት ይሁን አምልጧቸው እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። ታፔላ ትከሉ። ግን ከላይ በትልቁ ሰው የሚጠራውን ስም ጻፉ፣ አራት ኪሎን አራት ኪሎ በሉት፣ ቦሌ መንገድንም ቦሌ መንገድ በሉት፤ አፍሪካ ጎዳና የሚለው ክቡር ስም ነው፣ ከሥሩ ይቀመጥ፣ ማንም አይቀማውም። ከዚያ ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ፣ ለምን እንደዚያ ተባለ የሚል። መጽሐፍ አትጻፉብን፣ ሁለት መስመር። ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ያነበዋል፣ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ታክሲ የሚጠብቅበት ጊዜ ሞልቶታል። ሰፈር የፈረሰበት ቦታ ላይ የሰፈሩን ስም መሬቱ ላይ አንጥፉት፣ ድንጋዩን እንደሆነ ስታነጥፉ ነው የከረማችሁት፣ አንዱን ድንጋይ ስም ቅረጹበት። የትኛው የታክሲ ሰልፍ ወዴት እንደሚሄድም ጻፉ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው ጋ ቤት ሲሠሩ፣ ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። የእኛ ጅማ ኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ፊንፊኔ ነው የሚላት፣ ከዚያም በፊት ስም ነበራት። ስም የበዛባት ከተማ ነች። ስም በበዛበት ቦታ ታፔላ ማነስ የለበትም።

አሁን የጅማ ሰው ይህን አንብቦ «አንተ መጀመሪያ የራስህን» ሊለኝ ነው። ልክ ነው። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንግዳ ሳደርስ ታሪኩን የምነግረው ከአያቴ በሰማሁት ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ የገዙ ንጉሥ እንደነበሩ፣ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት እንዳተረፉ። ስሳሳት የሚያርመኝ ታፔላ መንገዴ ላይ የለም። ኮሪደር ልማቱም እኛ ጋ ደርሷል፣ መንገዳችን እየሰፋ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ለባጃጅ ጎማም ጥሩ ነው። ግን ያ ወፍጮ ቤት ነበረ ያልኳችሁ ቦታ አሁን ሣር ነው። እኒያን እናትና እኔን የሚተካ ሰው ሲመጣ ማን ይነግረዋል? የጅማ ከተማ ታፔላ ተካዮች፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተም ግልባጭ አለው።

ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ አክስቴ «ታዲያ ሰፈሬን አየኸው?» አለችኝ። ፎቶ አንስቼ ነበር። ስልኬን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ አጠበበችው፣ የጊዮርጊስን ጉልላት ፈልጋ አገኘች፣ ከእሱ ጀምራ በጣቷ ቁልቁል መጣች። አንድ አበባ የተተከለበት መደብ ላይ ቆመች። «በሬ እዚህ ጋ ነው» አለች፣ ነበር አላለችም። ትንሽ ዝም ብላ አየችውና ስልኩን ሳትመልስልኝ ጠየቀችኝ፣

«ዳቦ ቤቱ ጋ ታጠፍክ አይደል? ወይስ በላይ በኩል ነው የመጣኸው?»

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጅማ ባጃጅ ሹፌር

ግልባጭ፦
ለጅማ ከተማ ታፔላ ተካዮች
ለፒያሳ ታክሲ ወያላዎች (ያ ሚያዝያ 27 ያለው ሰውዬ እኔ ነበርኩ)